የእሳት አደጋ መኪናዋ ክርስትና እናት

«ስታረጅስ?»

«ስታረጅማ ያው እንደማንኛውም ሰው ነዋ።»

«እንደ ሰው? ታዲያ እንቀብራታለን?»

ከዚህ በኋላ የመጣው ሳቅ ነበር። ማን እንደሳቀ አላስታውስም። ጠያቂዋ እማማ ቫልቡርጋ እንደነበሩ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ያን ጊዜ ገና እማማ የሚባሉም አልነበሩ፣ ጠጉራቸውም ጥቁር ነበር። መልሱን የሰጠው ባላቸው ዜፕ ይሁን ወይስ የቀድሞው ቄሳችን አባ አሎይስ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። የሁለቱም ድምፅ ወፍራም ነው፤ ሁለቱም ቢራ ቀመስ አድርገዋል። እኔ ከመኪናዋ ወዲያ ማዶ ጎማው አጠገብ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳጠብቅ ስለነበር አላዩኝም። መጨረሻ ላይ ያ ወፍራም ድምፅ፣ «አይዞሽ፣ አንቺ ሂጂ ሳትያት የትም አትሄድም» ያለ ይመስለኛል። ወይም እንደዚያ ያለ ነገር። ከሰላሳ ዓመት በላይ ያለፈው ወሬ ስለሆነ ቃል በቃል ነው ብዬ አልምልም።

የሆነው ሆኖ በዚያ እሁድ አዲሲቱ ቀይ መኪና ጸበል ተረጨች፤ እማማ ቫልቡርጋም እጃቸውን ሞተሯ ላይ አኑረው ክርስትና እናቷ ሆኑ። በእኛ መንደር በኒደርሞስ የእሳት አደጋ መኪና ያለ ክርስትና እናት ሥራ አትጀምርም። ሕግ አይደለም። ሕግ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንዱ ጥሶት ነበር። ልማድ ስለሆነ ግን ማንም አይደፍረውም። ክርስትና እናቷ በየትንሣኤው ለበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ማኅበር አባላት የተጎነጎነ ዳቦ ይጋግራሉ፤ በእሳት አጥፊዎች ጠባቂ በቅዱስ ፍሎሪያን ቀንም ከመኪናዋ ጎን ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። መኪናዋ አርጅታ የምትሰናበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ «ሂጂ» የሚሏት እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ካልለቀቋት በቦታዋ ሌላ አትገባም።

ቀይዋ መኪና እንግዲህ አረጀች። ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። ዳገት ስትወጣ ከእሳቱ በላይ እሷ ትጨስ ነበር። ባለፈው መጸው የሆነ ሰው ገለባ ቤት ተቃጥሎ ስንሄድ፣ የጎረቤት መንደር ማኅበር ልጆች ቀድመውን ደርሰው እሳቱን አጥፍተው ቋሊማ እየጠበሱ ጠበቁን። «ኒደርሞሶች፣ ሰናፍጭ ይዛችሁ መጣችሁ?» ሲሉን ኮርቢኒያን ሰናፍጭ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።

ኮርቢኒያን የማኅበራችን አዛዥ ነው። ሥራው የቧንቧ ጥገና ሲሆን ትከሻው በር የሚያህል፣ የሚነድ ቤት ውስጥ ሳያመነታ የሚገባ ሰው ነው። አሮጊቶችን ግን ይፈራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ የማናውቅ ይመስለዋል።

አዲስ መኪና የተገኘችልን በከንቲባችን ጥረት ነው። ወይዘሮ ሃይከ ብሮደርሰን ከሰሜን፣ ከባሕሩ ዳርቻ የመጣች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ከንቲባነቱን ከእኛ ውስጥ የፈለገው ሰው ስላልነበረ መረጥናት፤ በኋላ ግን ጥሩ ሆና ተገኘች። የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አስጠግናለች፣ አውቶቡሱን በሰዓቱ እንዲመጣ አድርጋለች። ለዚህ ውለታዋ መንደሩ የሚከፍላት «ለሰሜን ሰው ደህና ናት» በማለት ነው።

ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አሮጌዋ መኪና እንድትሸጥ ወሰነ። ጋራዣችን አንዲት መኪና ብቻ ስለሚያስገባ ሌላ ምርጫም አልነበረም። ከዚያ በመንደሩ ጋዜጣ ላይ «የማዘጋጃ ቤቱ ትርፍ ንብረት» በሚል ርዕስ ማስታወቂያ ወጣ፦ የእሳት አደጋ መኪና፣ ያረጁ የራስ ቁሮች፣ የሚያፈሱ ቱቦዎች፣ የእንጨት መሰላል፣ የመዋዕለ ሕፃናት ዥዋዥዌ። መሰላሉን ዳቦ ጋጋሪዋ አፍራ ለቼሪ መልቀሚያ ወሰደችው። የራስ ቁሮቹን ለቲያትር የሚፈልግ ሰው መጣ። መኪናዋን ደግሞ ከጫካው አገር የሆነ ኢግናዝ የሚባል ሰው በጨረታ አሸነፈ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነበር። ኮርቢኒያን የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ደግሞ የኒደርሞስ ሰው ካልሆነ ማንም አይሳሳተውም። የአዲሷ መኪና ቡራኬ ለቅዱስ ፍሎሪያን እሁድ ተቀጠረ፤ የጎረቤት ማኅበራት ተጠሩ፤ ሙዚቀኞችና ድንኳን ተያዙ። እሱም ለአዲሷ መኪና ክርስትና እናት ፍለጋ ወጣ። አሮጌዋን ክርስትና እናት ሳያናግር!

መጀመሪያ የሄደው አፍራ ዳቦ ቤት ነበር።

«አፍራ፣ ለአዲሷ መኪና ክርስትና እናት ትሆኛለሽ?»

«እማማ ቫልቡርጋ አሮጌዋን ለቀቋት?»

«ይለቋታል፤ ምን ችግር አለው።»

«እንግዲያው ሲለቋት ተመለስ። ዳቦ ትወስዳለህ ወይስ ወረፋ ትዘጋለህ?»

ከዚያ ወደ መምህርቷ ሄደ፤ መልሷ ያው ነበር። ሦስተኛዋማ በር እንኳን ሳትከፍት በመስኮት አሰናበተችው። በማግስቱ ነገሩ መንደሩን ሁሉ ስላዳረሰ፣ ሴቶቹ ኮርቢኒያንን ከሩቅ ሲያዩት መንገድ መቀየር ጀመሩ።

እኔ ከማኅበሩ አባልነቴ ሌላ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ነኝ። ሻማ እተካለሁ፣ ደወል እደውላለሁ፣ ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ። ኮርቢኒያን የመጣው መቅረዞቹን ስወለውል ነበር።

«ቬንድል፣ አንተ ጸሎተኛ ሰው ነህ» አለኝ።

«ምን ፈለግህ?»

«እማማ ቫልቡርጋ ጋ አብረኸኝ ሂድ።»

«ለዚህማ ጸሎት ብቻውን አይበቃም» አልኩት። «ኬክ እንያዝ።»

እማማ ቫልቡርጋን ያገኘናቸው ከቤታቸው ጀርባ አተር ሲተክሉ ነው። ጎንበስ እንዳሉ ነበሩ፤ የአጥሩ በር ሲጥ ሲል ቀና አላሉም።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ ቫልቡርጋ።»

«ዥዋዥዌው ተሸጠ?»

«እ?»

«ዥዋዥዌው። ከልጄ ጎን የተጻፈው።»

ኮርቢኒያን ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋ፣ እንደገና አወለቀ። «እሱማ የጸሐፊዋ ስሕተት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ላይ…»

«ወደ አፍራ የላከችህስ ጸሐፊዋ ናት?»

የኮርቢኒያን ጆሮ እንደ መኪናዋ ቀላ።

«ክርስትና ልጇ ስትዳር ክርስትና እናት ወሬውን ከዳቦ ቤት ነው የምትሰማው?» አሉ፣ አሁንም አፈሩን እያዩ። «ዜፕ በሕይወት ቢኖር ይህን ታደርግ ነበር? አታደርግም። ዜፕን ትፈራው ነበር።»

«እርስዎንም እፈራለሁ» አለ ኮርቢኒያን ከልቡ።

ይህኔ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ቬንድል፣ ምን ልትል መጣህ?»

«እኔ ኬክ ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ማን የጋገረው?»

«አፍራ።»

«ያው ከዳቦ ቤት» አሉ። ኬኩን ግን ተቀበሉኝ።

ወጥ ቤት ገብተን ተቀመጥን። እማማ ቫልቡርጋ ኬኩን ቆርሰው ለእኛ ትልቁን፣ ለራሳቸው ትንሹን አደረጉ፤ ይህን ሳይ ትንሽ ተስፋ አደረብኝ። ኮርቢኒያን ችግሩን ዘረዘረ። አዲሷ መኪና መጥታለች፤ ጋራዡ ስለተያዘ በአንድ ገበሬ በረት ከላሞች ጋር ነው የምታድረው። አንዲት ላም የጎን መስታወቷን እየላሰች አስቸግራለች። እሁድ ሊደርስ ነው። እማማ «ሂጂ» ካላሏት ክርስትና እናት የምትሆን ሴት የለም፤ ክርስትና እናት ከሌለች ደግሞ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ማኅበሩ መሳቂያ ይሆናል።

«የገዛት ሰው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ኢግናዝ ይባላል። ከጫካው አገር ነው። ዛፍ ይተክላል።»

«ዛፍ ለሚተክል ሰው የእሳት አደጋ መኪና ምን ያደርግለታል?»

«እንጃ።»

«እንጃ! አንድ ጎረምሳ መጥቶ ልጅህን ቢጠይቅህ፣ ሚስትህም ሰውየው ማነው ብትልህ እንጃ ነው የምትላት?»

«ልጄ ገና ሕፃን…»

«ይምጣና ልየው። ሳላየው ከእኔ ቃል አትጠብቅ።»

ኢግናዝ ሐሙስ ዕለት መጣ። ሽማግሌ ልኮ ለመልስ የተቀጠረ ሙሽራ ይመስል ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፤ ጫማው ግን ጭቃ በጭቃ ነው። እማማ ቫልቡርጋ ከጋራዡ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ኮርቢኒያን መሰላል ላይ ወጥቶ የመኪናዋን ሰማያዊ መብራት ይፈታል፤ ስትሸጥ መብራቷም ሬዲዮኗም መነሣት አለበት፣ በሮቿ ላይ የተጻፈውም ይፋቃል። መብራቱ ሲወርድ እማማ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉትና እንደ ጎመን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ራሰ በራ መሰለች» አሉ። ለቅጽበት ዓይናቸው ረጠበ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ኢግናዝ ዞሩ።

«ልጄ በብርዱ ወራት የት ነው የምታድረው?»

«መጋዘን አለኝ።»

«ጣሪያው ያፈሳል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?»

ኢግናዝ እኔን አየኝ። እኔ ደመናውን አየሁ። «እጠግነዋለሁ» አለ።

«ውርጭ ሲመጣ ውሃዋን ታፈስሳለህ?»

«አፈስሳለሁ።»

«የፓምፑንስ?»

«የፓምፑንም… ይፈስሳል እንዴ?»

ኮርቢኒያን መሰላሉ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቬንድል ያሳይሃል» አሉ እማማ። «ቀለሟስ? በቀይ መሄድ እንደማይፈቀድልህ ታውቃለህ?»

መፈቀዱን አለመፈቀዱን እኔ አላውቅም፤ እርሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ብቻ ሊሰሙት የፈለጉት ነገር ነበር።

«አረንጓዴ ልቀባት አስቤ ነበር» አለ ኢግናዝ።

ኮርቢኒያን ከመሰላሉ ጎንበስ ብሎ፣ «አበቃልን» ሲል አንሾካሾከልኝ። የእሳት አደጋ መኪና አረንጓዴ! በኒደርሞስ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ተነግሮ አያውቅም።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ?» አሉ እማማ ቫልቡርጋ።

«የጥድ።»

«የጥድ ከሆነ ምንም አይል። የበሮቿን ውስጥ ግን አትንካ፤ እዚያ ቀይ ትሁን። ሥራዋስ ምንድን ነው የሚሆነው? ለልደት በዓል ቢራ ልታዞርባት ነው? እንዲህ የሚያደርጉ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

ኢግናዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈራ ተናገረ። የአባቱን ጫካ ቅርፊት የሚበላ ጢንዚዛ ፈጅቶበታል፤ ኮረብታው ላይ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። አሁን በእጁ እየተከለ ነው፤ ዝናብ ግን እንደ ድሮው አይመጣም። ባለፈው በጋ ችግኞቹ ዓይኑ እያየ ደረቁበት፤ በባልዲ እየተመላለሰ ያተረፈው ከመንገዱ አጠገብ ያለውን ብቻ ነው። ይህች መኪና ውሃ ተሸክማ ዳገቱን ከወጣችለት፣ ቱቦ ዘርግቶ ሁሉንም ያዳርሳል።

«ዳገት ላይ ትጨሳለች» አሉ እማማ።

«ትጨስ። እኔም እጨሳለሁ።»

«ስለዚህ ቆማ አትውልም?»

«ቆሞ የሚውል መኪና የምገዛበት ገንዘብ የት አለኝ፣ እማማ?»

እማማ ቫልቡርጋ ሰማያዊውን መብራት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ገና ልጅ ነህ፤ ግን ትማራለህ» አሉት።

ኮርቢኒያን ከመሰላሉ ዘሎ ወረደ። «ለቀቋት ማለት ነው?»

«የምትሄድበትን ቤት ወድጄዋለሁ። ለቅቄያታለሁ አላልኩም።»

«እማማ!»

«እኔ ስወጣ በቦታዬ ማን ነው የሚገባው?»

«አሁንማ የፈለጉትን ይምረጡ! አፍራ ቢሉ አፍራ፣ መምህርቷ ቢሉ…»

«ከንቲባዋን ነው የምፈልገው።»

ኮርቢኒያን አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለ፤ ወንበሩ አቃሰተ።

«ከንቲባዋ እኮ የሰሜን ሰው ናት።»

«አዲሷስ መኪና የተሠራችው እዚህ ነው?»

«ሃይማኖቷ ደግሞ…»

«እሱን አባ ጆቢ ያውቁበታል።»

«እማማ ቫልቡርጋ፣ ከዥዋዥዌ ጋር ያስጻፈችው እኮ እሷ ናት!»

«ለዚህም አይደል?» አሉ። «አፍራማ ክርስትና እናት ብትሆንም ባትሆንም ዳቦ ታመጣላችኋለች። የሽያጩን ወረቀት የምትፈርመው ሴትዮ ናት የራሷ ክርስትና ልጅ ያስፈለጋት። ከንቲባነቱ በምርጫ ይመጣል፣ በምርጫ ይሄዳል፤ ክርስትና እናትነት ግን መኪናዋ እስክታረጅ ነው። እሷ እሺ ካለች እኔም ያኔውኑ አሮጌዋን እለቃታለሁ። እንቢ ካለች ሁለቱም መኪኖች ባሉበት ይቆያሉ፤ ላሟም መስታወቷን ትላስ።»

ወደ አባ ጆቢ የሄድኩት እኔ ነኝ። አባ ጆቢ ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ቄስ ናቸው፤ የአገራችንን ዘዬ ከከንቲባዋ አስበልጠው ይናገራሉ። ሉተራን የሆነች ሴት ለመኪና ክርስትና እናት መሆን ትችል እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ መጽሐፋቸውን አጥፈው ትንሽ አሰቡ።

«መኪናዋ ራሷ ካቶሊክ ናት?»

«አይመስለኝም፣ አባ።»

«እንግዲያው የሚጣላ የለም» አሉና ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

የቀረው ከንቲባዋን መለመን ነበር። ልመናው ደግሞ ሥርዓት አለው። የማኅበሩ አባላት የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ በተፈለጠ እንጨት ስለት ላይ ተንበርክከው፣ አዛዡ በግጥም ይለምናል። የተለመነችው ሴት እሺ እስክትል ድረስ አይነሱም። ክፉ ሴት ከሆነች ቁጭ ብላ ቢራዋን ትጠጣለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንጨታችንን ደርድረን ተንበረከክን። የእኔ ጉልበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለመደ ነው ብዬ ተማምኜ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ መንበርከኪያ ግን ስፖንጅ አለው። እማማ ቫልቡርጋ በሊንደኑ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ኢግናዝ አዲሱን ታርጋውን በብብቱ ይዞ ከእርሳቸው ኋላ ቆሟል። አፍራ ዳቦ ቤቷን ዘግታ መጥታለች፤ መንደሩም ከኋላዋ።

ወይዘሮ ብሮደርሰን ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምን ሆናችሁ? የደመወዝ ጥያቄ ነው?»

«ደመወዝ የለንም፣ ወይዘሮ ከንቲባ» አለ ኮርቢኒያን። «በነፃ ነው የምንሠራው።»

«ታዲያ ምንድን ነው? እንጨቱስ?»

ኮርቢኒያን ጉሮሮውን ጠረገና ሌሊቱን ሲያምጥ ያደረበትን ግጥም ለቀቀው፦

«ቀይ መኪና መጣች፣ አዳዲስ ጎማ አላት፣
ቱቦ አላት፣ ውሃ አላት፣ እናት ግን የላት።
እባክዎ ከንቲባ፣ ይሁኑልን እናት፣
ጉልበታችን ነደደ፣ ማን ያጥፋልን እሳት!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከንቲባዋ አላጨበጨበችም። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ።

«ተነሡ፣ እባካችሁ። ትጎዳላችሁ።»

«እሺ እስኪሉን አንነሣም።»

«ይሄማ ማስገደድ ነው።»

«አዎ» አለ ኮርቢኒያን። «ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ቦርሳዋን ደረጃው ላይ አኖረች። «ስሙኝ። ክብር መሆኑ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ግን ሰው ተሳስታችኋል። እኔ የእናንተን ጸሎት አላውቅም። ዘፈኑን አላውቅም። ለመኪና መጸለይ… ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለእኔ መኪና መኪና ናት። ስታረጅ ትሸጣለች። ያንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላዬ አንዱ «ነግሬህ ነበር» ሲል ሰማሁት። እማማ ቫልቡርጋ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው።

«ለመኪና ጸልዪ ያለሽ ማነው?» አሉ። ከንቲባዋን አንቺ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነበር። «መኪናዋ ብረት ናት። የሚጸለይላቸው እነዚህ ናቸው እንጂ» አሉና በከዘራቸው ከኮርቢኒያን እስከ እኔ ድረስ ጠቆሙ። «ውስጧ የሚቀመጡት እነዚህ ሞኞች ናቸው። ሳይረኑ ሲጮህ መስኮት ላይ እቆማለሁ፤ እስኪመለሱ እቆማለሁ። ክርስትና እናትነት ይሄው ነው። ዘፈኑን እኔም አላውቀውም፤ አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው።»

ወይዘሮ ብሮደርሰን የተንበረከክነውን አንድ በአንድ አየችን። እንጨቱ ጉልበቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ በልቤ የማውቀውን ጸሎት አንድ ጊዜ ደገምኩ።

«በማስታወቂያው ተቀይመውኛል፣ አይደል?» አለች ከንቲባዋ ቀስ ብላ።

«ተቀይሜያለሁ።»

«በሕጉ ሌላ ስም የለውም። ትርፍ ንብረት ነው የሚባለው።»

«ስሙ አይደለም ያስቀየመኝ። ከቤትሽ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ ነው? አንድ ቀን ብቅ ብለሽ አልነገርሽኝም።»

«አላውቅም ነበር» አለች። «ማንም አልነገረኝም።»

ሁሉም ኮርቢኒያንን አየው። ኮርቢኒያን እንጨቱን አየ።

«አሁን የማወራውን ለሰው አውርቼው አላውቅም» አለች ከንቲባዋ። ድምፅዋ ዝቅ ስላለ ከፊት ያለነው ብቻ ነን የሰማናት። «ሳይረኑ ሲጮህ ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት እቀመጣለሁ። ሁሉም ተመልሰዋል የሚለው መልእክት እስኪመጣ ድረስ ሌላ ነገር መሥራት አልችልም። ያ የገለባ ቤት የተቃጠለ ጊዜ አሮጌዋ መኪና ዳገት ላይ ብትቆምባቸውስ እያልኩ… አዲስ የጠየቅሁት በማግስቱ ነው።»

እማማ ቫልቡርጋ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ተገረመ ሳይሆን ቀድሞም እንደ ጠረጠረ ሰው። «ሥራውን ጀምረሽዋላ» አሉ። «የቀረሽ እሁድ መጥተሽ መቆም ነው። እሺ በይና እኔም አሮጌዋን ሂጂ ልበላት፤ ይሄ ልጅ ታርጋ ይዞ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል።»

«ዲርንድል የምትሉትን የባህል ቀሚሳችሁን ግን አልለብስም» አለች ከንቲባዋ።

«ማንም ዲርንድል አላለም!» አለ ኮርቢኒያን። ከኋላ አፍራ የተኮሰችውን ቀሚስ ቶሎ ብላ ካፖርቷ ሥር ስትደብቅ አየኋት።

በዚህ መሐል የኮርቢኒያን እግር ተሸማቀቀበት። ያ ሁሉ ትከሻ ወደ ጎን ሲያጋድል ከንቲባዋ ደረጃውን ዘላ ወርዳ ክንዱን ያዘችው፤ ልታነሣው ስትል ግን በሁለት እጁ እንጨቱን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

«አይሆንም!» ሲል ጮኸ። «እሺ ሳይሉ ካነሡኝ አይቆጠርም!»

ወይዘሮ ብሮደርሰን ያን ጊዜ ሳቀች። ከንቲባችን ከሆነች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይተናት አናውቅም፤ ድምፅዋን አውጥታ፣ የኮርቢኒያንን ክንድ እንደያዘች፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ድረስ።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ እሆናለሁ። እሁድ የራሴን ካፖርት ለብሼ እመጣለሁ፤ የት እንደምቆም እማማ ቫልቡርጋ ያሳዩኛል። ከዚያ በኋላ እስክታረጅ ድረስ የእኔ ናት።»